ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋው ማርሽ

ሐምሌ 6

…ከዚያ አባባ ሞተሩን ያጠፋው ነበር። ማርሹን ነጻ፣ ፎሌ፣ ያደርግና ቁልፉን ያዞረዋል፤ ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ይቆማል፤ የጭነት መኪናው በገዛ ክብደቱ ብቻ ቁልቁል ይወርዳል። የነፋሱ ድምፅ። የጎማው ድምፅ። ከላይ፣ ከጭነቱ ጫፍ፣ የረዳቱ የሰይድ ፉጨት። እናቴ በመካከላችን ሆና፣ አይደለም፣ በመካከል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ በመስኮቱ በኩል ነበረች። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ "ያየህ፣ ተው፣ ልጅ ይዘናል" ትለዋለች። አባባ ይስቃል። "ነዳጅ ነው ይርጋነሽ! እግዜር በነጻ የሰጠን ነዳጅ!" ቁልቁለቱ ሲያልቅ ምን ይሆን እንደነበር ግን አላስታውስም። ሞተሩ ሲነሳ አላስታውስም። ዝምታው ላይ ይቆምብኛል።

ቦታው ጉንደ ወይን አጠገብ ነው። ወደ ቢቸና ሲመጡ ቁልቁለት፣ ወደ ሞጣ ሲሄዱ ዳገት።

ትናንት አባባ እዚያው ዳገት ላይ ከነትንሿ የቤት መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ብቻውን ነበር። ከኋላው እህል የጫነ ጋሪ ነበር። ባለ ጋሪው ዘሎ ወረደ፤ ፈረሱ ጉልበቱ ተላጠ፤ ሰው አልተጎዳም። አባባ "ማርሽ ከለከለችኝ" ይላል። ያዩት ሰዎች ደግሞ "ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ነበር" ይላሉ።

ማርሽ ከለከለችኝ። ራት ላይም ይህንኑ አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ።

ሐምሌ 7

እንዳለው መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ገበያው ዳር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። መኪናዋን ከባሕር ዳር ገዝቶ ያመጣለት እሱ ነው፤ እናታችን ባረፈች በዓመቱ፣ አባባ ከቤት እንዲወጣ ብሎ። ትንሽ፣ ነጭ፣ አውቶማቲክ። አባባ ያን ቀን ዞሮ ዞሮ አያትና "ታዲያ ግራ እግሬን ጡረታ አወጣችሁት ማለት ነው?" አለ። ዕድሜውን በሙሉ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ለኖረ ሰው መኪናዋ ቀልድ ነበረች። ቆይቶ ለመዳት። አሁን በየሳምንቱ ሞጣ የሚሄደው በእሷ ነው፤ ሰይድ ቤት። ሰይድ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ሚስቱና መካኒክ ልጁ አሉ።

"እታለም" አለኝ እንዳለው፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ጃንጥላውን ሳያጥፍ። "መኪናዋን አስፈትሻታለሁ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ይጠገናል፤ ቁልፉም የእሱ ነው። ምንም የለባትም ካሉ ግን ከመስቀል በፊት ቁልፉን እቀበለዋለሁ። ዛሬ ፈረስ ነው። ነገ ልጅ ቢሆንስ?"

"ቁልፉን ብትቀበለው ይሞትብሃል።"

"ባልቀበለውስ?"

ከሄደ በኋላ ጥፋቱ የመኪናዋ እንዲሆን ማርያምን ለመንኩ። ብልሽት በስለት የሚጠይቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሐምሌ 9

እዚሁ ቢቸና፣ ጋራዥ። መካኒኩ ኮፈኑን እንደከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ፤ "እንዳታቃጥለን" ይላሉ። የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት አየ፣ አሸተተ። ገመዱን መልሶ ገበያውን ዞሮባት መጣ።

"እንደ ሙሽራ ናት።"

እንዳለው እኔን አየኝ። አባባ ማንንም አላየም።

ሐምሌ 12

ዝናብ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የማርመው ወረቀት እንኳ የለኝም።

ጠዋት አባባ "ይርጋነሽ፣ ጫማዬን" አለኝ። የእኔና የእናቴ ድምፅ አንድ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይለዋል። ጫማውን ሰጠሁት።

ሐምሌ 16

አብሬው ሞጣ ሄድኩ። እንዳለው አያውቅም።

ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ምንም የለም። መኪናዋ ለስላሳ፣ አባባ ዝምተኛ፣ ማሳው ሁሉ ጤፍ የሚዘራበት ጭቃ። ግራ እግሩ አንዳንዴ ተነስቶ ባዶውን ወለል ይረግጣል። ልማድ ነው፤ እኔም ትምህርት ቤት ባልሆንም እጄ ጠመኔ ይፈልጋል። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ መጮህ ጀመረ፣ ጉልበቱ ግን አልነበረም፤ እንደታፈነ ሰው። ያን ጊዜ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አየሁ። በዓይኔ አየሁ።

"አባባ! መብራት!"

"አውቃታለሁ" አለ። "ሁልጊዜ ትጠቅሰኛለች። ለሌላ ሰው አትጠቅስም።"

በደስታ እንባዬ መጣ። ጭነት እንደያዝን እያቃሰትን ወጣነው፤ ሞጣ ደረስን።

የሰይድ ልጅ ሙሐመድያሲን ከአንድ አይሱዙ ሥር ወጣ። እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ለሰላምታ ዘረጋ። "ጋሼ ያየህ! እማ፣ ጋሼ ያየህ መጡ!"

"ሙሐመድያሲን፣ መኪናዋ አሁን…" አልኩ።

"መኪናዋ ትደርሳለች፣ እህቴ። መጀመሪያ እህል ይቅመሱ። የአባቴ ሾፌር ደጄ ላይ ቆመው እኔ ኮፈን ልክፈት? የሞጣ ሰው ምን ይለኛል?"

እትዬ ዑሙሰልማ ከውስጥ ወጣች። "ያየህ፣ ከሳህ! ይቺ ልጅ አታበላህም እንዴ?"

"ታበላኛለች። ጥርሴ ነው እንደ መኪናዋ የከለከለኝ።"

ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት ሽሮ እስኪሠራ ተጠበቀ። ሻይ መጣ። ሽሮው መጣ። እንደገና ሻይ። አባባ፣ ሰይድ ታኮውን ከጎማው ሥር አንስቶ ሳይሳፈር የቀረበትን ቀን አጫወታቸው። መኪናው ሄደ፤ ሰይድ ያንን ግንድ የሚያህል እንጨት ታቅፎ እስከ ደብረ ወርቅ በእግሩ ተከተለ። "ቁጭ ብዬ ስበላ ደረሰ። 'ታኮህን እንካ፣ ደመወዜን አምጣ' አለኝ!" ዑሙሰልማ እስክታነባ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ታሪክ እንደገና አጫወታቸው። እንደገና ሳቀች። ጥሩ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ቢነገር ምን አለበት?

ከዚያ መኪናዋ ተከፈተች። ቀዝቅዛለች። መብራት የለም። ሙሐመድያሲን ከተማውን ዞረባት። እንደ ሙሽራ አላለም፤ ግን ያው ነው።

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ጋ፣ አባባ እኔን በጎን አየት አድርጎ ማርሹን ወደ ፎሌ ገፋው። ሞተሩ አልጠፋም፤ ድምፁ ብቻ ዝቅ አለ። ዝምታው ሙሉ አልነበረም። ቢሆንም መስኮቱን ከፈትኩት። ምንኛ ረጅም ቁልቁለት ነው።

ሐምሌ 17

"መብራት አየሁ ነው የምትይው?" አለ እንዳለው።

"አየሁ።"

"ከእሱ ጋር ስትሆኚ ብቻ የሚታይ መብራት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺም ጀመርሽ፣ እታለም?"

ሐምሌ 23

ደግሞ ሞጣ። ዳገቱ ላይ መብራቷ በራች። ስንደርስ ዶፍ ዝናብ ነበር፤ "ይግቡ ጋሼ፣ ይሙቁ" ተባለ። አባባ ሲሞቅ መኪናዋ በረደች። ሙሐመድያሲን ከካምቢዮው የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ለካቸው። "ሁሉም ጤነኛ ነው" አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። በቀጥታ አላየኝም። እሱም እንደ እንዳለው ማሰብ ጀምሯል።

ሐምሌ 28

መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርክ የለም። ማንም ከየትም አይመጣም።

አባባ ከሰዓት ጠፍቶብኝ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከመናኸሪያው እጁን ይዞ አመጣው። "የጭነት ተራ እየጠበቅኩ ነው አሉኝ፣ ቲቸር" አለኝ ልጁ። አባባ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ሊጠይቅ ሄዶ ነው። ከሾፌር የበለጠ ማን ይጠይቃል?

ለእንዳለው አልነገርኩትም። የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው።

ነሐሴ 5

መንገዱ ተከፈተ። አባባ ፍልሰታን ሞጣ ጊዮርጊስ ማስቀደስ አለብኝ አለ። ማልደን ወጣን።

ዳገቱ። መብራቷ። አሁን ሳያት አልደሰትም፤ ታሾፍብኛለች።

ሙሐመድያሲን ክንዱን ዘርግቶ "መጀመሪያ እህል…" ብሎ ጀመረና አቆመ። ጾም ነው። አባባ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃም አይቀምስም። ሻይ የለም፣ ሽሮ የለም። ሙሐመድያሲን በገዛ ደጃፉ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ፤ እንግዳ ቆሟል፣ የሚሰጠው ነገር የለም። ዑሙሰልማም በሩን ተደግፋ ቆመች። ከዕፍረቱ ብዛት ኮፈኑን ከፈተ።

መብራቷን ያን ጊዜ አያት። ገና ብልጭ ድርግም ትላለች።

"እንዳታጠፏት!" ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ አባባ ላይ ጮኾ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ አያት፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ደግሞ አያት። ከዚያ ሞተሩን ራሱ አጥፍቶ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ወዳለው የመጠገኛ ጉድጓድ ገባ። ትኩሱ ካምቢዮ እጁን ሲያቃጥለው "ወላሂ!" ሲል ይሰማኛል።

ወዲያው ጭንቅላቱ ብቅ አለ። "አንደኛው ሽቦ ሞቷል። ባለፈው ጤነኛ ነበር ያልኩሽ።"

አባባ መቋሚያውን ይዞ ወደ ጊዮርጊስ ሄደ፤ ዑሙሰልማ የሰፈር ልጅ አብሮት እንዲሄድ ላከች። ለምን እንደላከች አልጠየቅኳትም። ሙሐመድያሲን ዘይቱን አፍስሶ፣ የታችኛውን ሳህን አውርዶ፣ አውራ ጣት የምታህል ነገር አወጣ። ሶሌኖይድ ትባላለች። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ለዘይቱ በር ትከፍታለች፤ በዚያ ማርሹ ይቀየራል። ውስጧ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ከተለያየ መኪናዋ አንድ ማርሽ ላይ ትቀራለች፤ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም።

"ቢቸና ያየው ሰውዬስ?"

"ባትሪውን ነቅሎ ነዋ። ገመዱ ሲነቀል መኪናዋ የመዘገበችውን ትረሳለች። ትናንት ምን እንደሆነች ብትጠየቅ አታውቅም።" ከዚያ ሳቀ። "እሱንስ እሺ። እኔ ነኝ ጉደኛው። በሽሮ ነው ሳቀዘቅዛት የከረምኩት! እዚሁ ደጄ ድረስ ታማ እየመጣች!"

እኔም ሳቅኩ። ክረምቱን ሙሉ አልሳቅኩም ነበር።

አባባ ሲመለስ እንዲያይ አደረግነው። ሙሐመድያሲን ሁለት ሽቦ ከባትሪ አምጥቶ ሶሌኖይዷን ነካት። ቀጭ። ደግሞ ነካት። ቀጭ። ከዚያ በጣሳ ዘይት ውስጥ አድርጎ የዑሙሰልማ ከሰል ላይ ጣዳት፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ሁላችንም እንደ ወጥ ከበን ጠበቅናት። በጉጠት አውጥቶ ነካት። ምንም። ደግሞ ነካት። ምንም።

"አልኳችሁ" አለ አባባ። ጀርባው ቀና አለ። እናቴ እያለች እንደነበረው ቁመት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ "ሰይድስ አይቷታል?"

ከሰሉ ተንጣጣ። ሙሐመድያሲን ጉጠቱን አስቀመጠ።

"አይቷታል፣ ጋሼ።"

ዑሙሰልማ ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። አባባ "የሰይድ ልጅስ" ማለቱ ነበር። ጾም ላይ ስም ይምታታል፤ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ ሲያስቀድስ።

ነሐሴ 6

በሚኒባስ ተመለስን። መኪናዋ ሞጣ ቀረች፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይታዘዛል።

ለእንዳለው ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣሳውን፣ ከሰሉን፣ ድምፁን። አላቋረጠኝም።

"ቃሌ ቃል ነው" አለ። "ቁልፉ የእሱ ነው።" ሚስማር በኪሎ እየመዘነ ነበር፤ አንዷን አንስቶ መለሳት። "ሌላውስ፣ እታለም?"

"የትኛው ሌላ?"

ደንበኛ ገባ።

ነሐሴ 19

መንገድ ደግሞ ተዘጋ። ዕቃው ባሕር ዳር ደርሷል ይባላል።

አባባ በየጠዋቱ ወደ አጥሩ ወጥቶ ባዶውን ቦታ ያያል። "ማን ወሰዳት?" ይለኛል። "ሞጣ ናት፣ እየተሠራች" እለዋለሁ። "ማ፣ ሰይድ?" "አዎ" እለዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ነገሩ ያጥራል።

እናቴ ከእሱ ጋር እንዴት ታወራ እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ። "ያየህ፣ ተው" ከማለት ሌላ የምትለው ነገር መኖር አለበት። የሚመጣልኝ ግን ነጠላዋና መስኮቱ ነው።

ጳጉሜን 2

ዕቃው ሞጣ ገባ! ሙሐመድያሲን ደወለ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። ገጥሞታል። "በሙቅ ዘይት ቀቅዬ ነው የፈተንኩት፣ አታስቢ።"

መስከረም 3

ከሙሐመድያሲን ጋር ይዘናት መጣን፤ እሱ እየነዳ። ጉንደ ወይን አጠገብ ዳገቱን ሊያሳየኝ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ወጣት፤ ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ማርሹ ሲቀየር አይሰማም። መብራት የለም። ሜዳው ሁሉ አደይ ነበር።

"እስቲ ፎሌ አድርጋት" አልኩት፣ የመጨረሻውን ቁልቁለት ስንጀምር።

ሙሐመድያሲን ዞር ብሎ አየኝ። "ፎሌ? አውቶማቲክ ፎሌ አይወረድባትም፣ እህቴ። እየሄደች ካምቢዮው ዘይት በደንብ አይደርሰውም፤ ይግላል። ያቺን ሽቦ የሰነጠቃት ሙቀት ነው።" ትንሽ ሄድን። "ጋሼ ፎሌ ያደርጓታል እንዴ?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።

መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ሳልከፍተው ቢቸና ገባን።

ግቢው ተዳፋት ስለሆነ እንዳለው ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደገፈ። ሙሐመድያሲንን አቅፎ አመሰገነው። አባባ ጋቢውን ለብሶ ከደጅ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል። መኪናዋን ያያል ብዬ ነበር፤ ዓይኑ ግን ሙሐመድያሲን ላይ ነበር።

መስከረም 6

ጠዋት እንዳለው መጥቶ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። "አንቺ ስጪው" አለ። ወደ ውስጥ አልገባም። የአጥሩን በር ከፍቶ ትቶልን ወደ ሱቁ ሄደ።

አባባ ታጥቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ ነበር። የት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም። ሄዶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ፀሐይ ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። እኔ ከፊት ለፊት ቆሜ በመስተዋቱ ውስጥ አየዋለሁ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ግራ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ለቀቀ። ደግሞ ረገጠ። ቀኝ እጁ ማርሹን ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ሌለበት ቦታ ይገፋል። ፊቱ ላይ ጭንቀት አልነበረም። እንዲያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

"ሰይድ! ታኮውን አንሳ!"

ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ጎንበስ አልኩ። ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሁለት እጄ ነቅዬ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት። መኪናዋ ትንሽ ተነቃነቀች፣ ቆመች።

"አነሳሁት" አልኩ።

"ግቢ እንጂ ይርጋነሽ፣ ፀሐዩ ሳይከርር። ልጅቱን መካከል አድርጊያት።"

በወዲያኛው በኩል ዞርኩ። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሞቋል። ገባሁ፤ በመካከላችን ትንሽ ቦታ ትቼ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። በሩን ዘጋሁት።